ቅጣቱ ስንት ነው? ከፋብሪካ አዋጁ እስከ ቱሉ ዲምቱ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለው ቱሉ ዲምቱ ትናንት የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተደርድረውበታል፤ በ2007 ዓ.ም የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። እነዚያን ፎቆች ያቆመ የቀን ሠራተኛ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሲሚንቶ ሲያመላልስ አንድ ሒሳብ አብሮት ይወጣ ነበር፤ አሠሪው ሄልሜትና የደኅንነት ቀበቶ ባይሰጠው መንግሥት ስንት ብር ያስከፍለዋል? ሒሳቡ የቆየ ነው።

በዚህ የኦሮሞ ምድር ለጠፋ ነፍስ ካሣ መተመን አዲስ ነገር አይደለም። በጉማ ሥርዓት የተተመነው ካሣ ለተጎጂው ወገን ይሰጣል፤ በሽማግሌ ፊት ዕርቅ ይወርዳል። ዘመናዊው ቅጣት ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። እንግሊዞች በ1844 እ.ኤ.አ. ባወጡት የፋብሪካ ሕግ ሁለቱን ለማገናኘት ሞክረው ነበር። ያልተከለለ ማሽን ሠራተኛ ቢጎዳ ባለፋብሪካው እስከ 100 ፓውንድ ይቀጣል፣ ገንዘቡም ለተጎጂው ሊውል ይችላል ብለው ደነገጉ። እኛ ግን ቅጣትንና ካሣን ለየብቻ አስቀመጥናቸው።

በአገራችን ስለ ሥራ ቦታ ጤናና ደኅንነት የተጻፈው የመጀመሪያው ዘመናዊ ሕግ የ1936ቱ የፋብሪካ አዋጅ ቁጥር 58 ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገና አልተተከለም ነበር፤ ሕጉ ከፋብሪካው ቀድሞ ደረሰ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በሕግ ድሃ ሆነን አናውቅም። የሥራ ደኅንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እንኳ ያጸደቅነው በ1983 ዓ.ም፣ ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት ነው። በዚያ ሁሉ ጦርነት መካከል ይህን ለማጽደቅ ጊዜ የተገኘበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

የድህነታችን ምንጭ ያለው ከቅጣቱ ቁጥር ላይ ነው። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የገንዘብ መቀጮን ጣሪያ 5,000 ብር አደረገው። በጊዜው ምንዛሪ 2,000 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። በ1996 ዓ.ም እሱን የተካው የወንጀል ሕግ ለግለሰብ ጣሪያውን ወደ 10,000 ብር አሳደገ፤ በወረቀት ላይ እጥፍ ሆነ። ሆኖም ዶላሩ በዚያን ጊዜ 8 ብር ከሣንቲም ነበረና አዲሱ ጣሪያ ከ1,200 ዶላር አያልፍም። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ ብር ተንሳፍፎ ምንዛሪው ከመቶ ሲያልፍ ደግሞ ያው 10,000 ብር 100 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነ። ለድርጅት የተቀመጠው ከ100 እስከ 500,000 ብር የሆነ ቅጣትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

በዚያው በ1996 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ከዚህም የባሰ ነበር። ሠራተኛን ከሕጋዊው የሥራ ሰዓት በላይ ያሠራ ወይም የዕረፍት ቀኑን የነፈገ አሠሪ ቅጣቱ ከ500 ብር አይበልጥም ነበር። ጥፋቱ ምን ያህል ይከፋል፣ አሠሪውስ ምን ያህል ሀብታም ነው የሚል ጥያቄ እዚያ ቦታ አልነበረውም። ባለ አምስት መቶ ሠራተኛውም ባለ አምስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ሒሳብ የሚያውቅ ባለሀብት ቢተላለፍ አይፈረድበትም ነበር፤ ሕጉ ራሱ ዋጋውን አርክሶ አቅርቦለት ነበር።

ሌሎች አገሮች ይህን በሽታ አይተውታል። አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሥራ ደኅንነት ሕግ ሆን ተብሎ ለሚፈጸም ጥፋት ከፍተኛው ቅጣት 10,000 ዶላር ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል፤ በ2025 ከ165,000 ዶላር አልፏል። እንግሊዝም ከየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳኞቿ የጥፋቱን ክብደት፣ የጉዳቱን መጠንና የድርጅቱን ዓመታዊ ሽያጭ አይተው ቅጣቱን እንዲወስኑ አድርጋለች።

በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ወደዚህ አቅጣጫ የተራመደ ነው። ቅጣቱ የአሠሪውን የኢኮኖሚና የድርጅት አቋም ያያል፤ ጥፋቱ ሲደጋገም በደረጃ ከፍ ይላል፤ ከሦስት ጊዜ በላይ የደገመ ድርጅት እስከ መዘጋት ሊደርስ ይችላል። መለኪያው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን የብሩ መጠን አሁንም በአዋጁ ውስጥ ቆሞ ቀርቷል፤ ለመቀየር ሌላ አዋጅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ደግሞ መደጋገም የሚቆጠረው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመላለስ ነው። በግንባታ ሥራ ኮንትራክተሩ ለንዑስ ኮንትራክተር ያስተላልፋል፣ ንዑስ ኮንትራክተሩ ለማኅበር፣ ማኅበሩ ለአንድ የሠራተኞች አለቃ። ብሎኩ ተጠናቆ ቡድኑ ሲበተን መዝገቡ አብሮት ይበተናል። በሚቀጥለው ሳይት ላይ ሦስተኛው ጥፋት የመጀመሪያ ሆኖ ይመዘገባል።

አዲስ አበባ በሌላ ጉዳይ ቅጣትን ማክበድ አልተሳናትም። በ2017 ዓ.ም የወጣው የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ የድርጅቶችን ቅጣት ወደ መቶ ሺዎች አድርሶታል፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለ ፋብሪካም የደንብ ማስከበር ሰዎችን ይፈራል። ወንዙ በመታሰቡ ቅር አይለኝም። ያው ፋብሪካ የመጋዙን ክዳን ቢያነሳ ግን ያን ያህል የሚፈራው ሰው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ መልሱ ቶሎ አይገኝም።

ከመወጣጫ ለወደቀ ሠራተኛ ደግሞ ከቅጣቱ የሚደርሰው የለም። በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው አካል ጉዳተኛ ቢሆን አሠሪው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ካሣ እንዲከፍለው አዋጅ ቁጥር 1156 ያዛል። ያለ ውል በቀን ሒሳብ የሠራ ሰው ግን አስቀድሞ የማን ሠራተኛ እንደነበረ ማስረዳት አለበት፤ አለቃው ደግሞ ወደ ሌላ ሳይት ሄዷል።