ከጠመንጃ እስከ ሞባይል፦ የከፋና የሸኮ ወፎች

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ለሽርሽር የሄደ ሰው ወፍ ፎቶ ለማንሳት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። የጓሮ ቡና ይበቃዋል። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብሳናው ጥላ ይሆናሉ፤ ከሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ኮረሪማው አለ። ሞባይላችሁን ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ፣ ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት ትንሽዬ ቢጫማ አረንጓዴ ወፍ ነፍሳት እየለቀመች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ታገኟት ይሆናል። ቀጭ! አለቀ።

ለመሆኑ የዚህች ወፍ ሳይንሳዊ ስም ውስጥ ከፋ እንዳለ ታውቃላችሁ? “ካፌንሲስ” ይላታል። ስሙን ያወጣላት ግን የከፋ ሰው አይደለም። ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1902።

ኖይማን ከካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር በ1900 ከዘይላ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ሁለቱ ተለያዩና እሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቀና። በ1901 ከከፋ ተነስቶ፣ ያኔ ጊሚራ ይባል በነበረው የቤንች ምድር በኩል ሸኮን አቋርጦ ወደ ሱዳን ወረደ። የከፋ መንግሥት በምኒልክ ጦር ከወደቀ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

በዚያ ዘመን ወፍን መመዝገብ ማለት መግደል ነበር። የዘመኑ ካሜራ የምትዘል ትንሽ ወፍን መቅረጽ የሚሆንለት አልነበረም። ስለዚህ ወፏ በጥይት ትመታለች፣ ቆዳዋ ይገፈፋል፣ ጥጥ ይሞላበታል፣ እግሯ ላይ ወረቀት ይታሰራል። ቢራቢሮም አልቀረለትም። ኖይማን የሰበሰባቸውን ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ዋልተር ሮትሽልድና ካርል ጆርዳን በ1905 ዘርዝረው አሳተሙ። ከወፎቹም ብዙዎቹ እንግሊዝ፣ ትሪንግ ከተማ ወደነበረው የሮትሽልድ ሙዚየም ገቡ። ሮትሽልድ በ1932 አብዛኛውን የወፍ ስብስቡን ለኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሸጠ። የደቡብ ምዕራብ ታሪካችን እንግዲህ በሰው አገር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን “ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ” ነው። ያቺ እግር ላይ የታሰረች ወረቀት ምን፣ የትና መቼን ትመልሳለች። ከ120 ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ መሳቢያ ስቦ “ይህች ወፍ ያኔ እዚህ ነበረች” የሚለው በእሷ ነው። “ማን” የሚለው ላይ ግን በዘመኑ ልማድ የሚጻፈው የሰብሳቢው ስም ብቻ ነበር። መንገድ ያሳየው፣ ወፏ የት እንደምታድር የሚያውቀው የአገሬው ሰውስ? እሱ ወፏን የሚጠራበት ስምስ? የለም።

ዛሬ ወፍ ለማወቅ መግደል አያስፈልግም። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወፎችን በመረብ እየያዘ፣ ቀለበት እያሰረ ለቀቃቸው። በጥላ ቡና ውስጥ የተገኙት የወፍ ዓይነቶች በአጠገቡ ካለው ደን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኑ! ወፎቹን ያበዛቸው ያ የምንቀመጥበት ጥላ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ እነሱም ይሄዳሉ።

ታዲያ ነገ ዛፉ ቢቆረጥ፣ ዛሬ የነበረውን ማን ይመሰክራል? “ዋው፣ ተፈጥሮ!” ብለን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የምንለጥፈው ፎቶ? የት ነው? መቼ ነው? ያ ፎቶ ከ50 ዓመት በኋላ ከጌጥ አያልፍም።

ስለዚህ ወገን፣ ከሽርሽር ስትመለሱ ፎቶው ሥር ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የዛፉን ዓይነት ጻፉ። ኢበርድና አይናቹራሊስት የሚባሉት ድረ ገጾች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን የጓሮውን ባለቤት ጠይቁ፦ “እማማ፣ ይህችን ወፍ በቤንችኛ ምን ይሏታል?” ሸኮም፣ ከፋም፣ መዠንግርም ብትሄዱ እንዲሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ስም ከ“ካፌንሲስ” ጎን አስፍሩት። ኖይማን ወረቀት ላይ ያልሰፈረው እሱ ነውና።