የዶሮ አዴኖ ቫይረሶች ምርምርና የሴል ካልቸር ድርሻ

በዶሮ እርባታ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ አዴኖ ቫይረሶችን ለመለየት፣ ክትባት ለማዘጋጀትና የክትባትን ንጽሕና ለመፈተሽ የዶሮ ሕዋሳትን ከአካል ውጭ የማሳደግ ዘዴ (ሴል ካልቸር) ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያገለግል ቆይቷል። ሕዋሳቱ የሚገኙበት እንቁላል ንጽሕና ካልተረጋገጠ ግን ዘዴው ራሱ የቫይረስ ማስተላለፊያ ሊሆን እንደሚችል በዘርፉ የተገኘው ልምድ ያመለክታል።

የቫይረሱ ምንነትና ግኝት

አዴኖ ቫይረስ ከ70 እስከ 90 ናኖ ሜትር ስፋት ያለውና ባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ የያዘ ተዋህስ ነው። የስብ ሽፋን ስለሌለው ኤተርና ክሎሮፎርምን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ይቋቋማል።

በአእዋፍ ላይ በሽታ የሚያስከትል አዴኖ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ፣ የመተንፈሻ አካል በሽታ ከያዛቸው ድርጭቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ዬትስና ፍራይ የተባሉ ተመራማሪዎች የዶሮ ፅንስን የሚገድል «ሴሎ» የተሰኘ ቫይረስ ይፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሙሉ ዘረ መሉ ሲነበብ ርዝመቱ ወደ 43 ሺህ 800 የሚጠጋ ጥንድ ቤዝ ሆኖ ተገኝቷል።

በአሁኑ ምደባ የዶሮ አዴኖ ቫይረሶች ከ«ኤ» እስከ «ኢ» በአምስት ዝርያዎችና በ12 ዓይነቶች ይከፈላሉ። የእንቁላል ምርት መቀነስን የሚያስከትለው ቫይረስ ከእነዚህ ተለይቶ በሌላ ወገን የሚመደብ ነው።

የቤተ ሙከራው ሥራ

ለምርመራው ተመራጭ የሆኑት ከዶሮ ፅንስ ጉበትና ከጫጩት ኩላሊት የሚወሰዱ ሕዋሳት ናቸው። የፅንሱ ጉበት ከተከተፈ በኋላ ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ወደ ነጠላ ሕዋሳት ይበተናል። ሕዋሳቱም ምግብና ሴረም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆዩ በመያዣው ወለል ላይ ስስ ንጣፍ ይሠራሉ።

ከታመመ ዶሮ የተወሰደው የጉበት ናሙና ተፈጭቶና ተጣርቶ በንጣፉ ላይ ይጨመራል። ቫይረሱ ካለ ሕዋሳቱ ይከባሉ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያበራሉ፣ በመጨረሻም ከወለሉ ይለቃሉ። በቀለም ሲመረመሩም በሕዋሱ አስኳል ውስጥ የቫይረሱ መራቢያ የሆኑ ክምችቶች ይታያሉ። በመጀመሪያው ዙር ለውጥ ባይታይም ፈሳሹን ወደ አዲስ ካልቸር ማሸጋገር የተለመደ አሠራር ነው። የቫይረሱ ዓይነት የሚረጋገጠው በፀረ እንግዳ አካል ፍተሻና በፒሲአር ምርመራ ነው።

በየጊዜው ከፅንስ ሕዋስ ማውጣትን ለማስቀረት ሳይቋረጡ የሚራቡ የሕዋስ መስመሮችም ተዘጋጅተዋል። ከእነዚህም እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነውና ከሌግሆርን አውራ ዶሮ የጉበት ዕጢ የተገኘው «ኤልኤምኤች» የተባለው መስመር ለአዴኖ ቫይረስ ምርምር በስፋት ያገለግላል።

ቫይረሱ ጤነኛ በሚመስሉ ዶሮዎች ላይም ስለሚገኝ በካልቸር መገኘቱ ብቻውን የበሽታውን መንስኤ አያረጋግጥም። ውጤቱ ከእርባታው ሁኔታና ከአስከሬን ምርመራ ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል።

ያስከተለው ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ1987 በፓኪስታን ካራቺ አቅራቢያ አንጋራ ጎት በተባለ ሥፍራ በሥጋ ዶሮዎች ላይ ከፍተኛ ሞት የሚያስከትል በሽታ ተከሰተ። የሞቱት ዶሮዎች ሲመረመሩ በልብ ከረጢታቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ጉበታቸውም አብጦ ተገኝቷል። መንስኤው ዓይነት 4 የዶሮ አዴኖ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ከታመሙ ዶሮዎች ጉበት ተዘጋጅተው በፎርማሊን የከሸፉ ነበሩ፤ ቆይቶም በካልቸር የተራባ ቫይረስ ለክትባት ዝግጅት ውሏል። በሽታው በሌሎች የእስያና የላቲን አሜሪካ አገሮች የታየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በቻይና ሰፊ ጉዳት አድርሷል።

ከክትባት የተገኘው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1976 በኔዘርላንድስ ጤነኛ የሚመስሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ቀለሙ የገረጣ፣ ቅርፊቱ የሳሳ ወይም ቅርፊት የሌለው እንቁላል መጣል ጀመሩ። የቫይረሱ ተፈጥሯዊ ተሸካሚዎች ዳክዬዎችና ዝዬዎች ሲሆኑ፣ ወደ ዶሮ የተሻገረው በዳክዬ ፅንስ ሕዋሳት ላይ በተዘጋጀና በቫይረሱ በተበከለ ክትባት አማካይነት እንደሆነ ይታመናል።

የአደጋው ምንጭ የቫይረሱ ባሕርይ ነው። አዴኖ ቫይረስ ከእናት ዶሮ በእንቁላል አማካይነት ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ ከፅንሱ በሚወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ሕዋሳቱ ለክትባት ዝግጅት ከዋሉ ብክለቱ ክትባቱን ተከትሎ ወደ በርካታ እርባታዎች ይደርሳል። በመሆኑም ሕያው የዶሮ ክትባቶች ከተለዩ በሽታዎች ነፃ መሆናቸው በየጊዜው ከሚፈተሽ መንጋዎች በሚገኝ እንቁላል እንዲዘጋጁ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ይጠይቃሉ። አዴኖ ቫይረስም ፍተሻ ከሚደረግባቸው ተዋህስያን አንዱ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም አግባብነት አለው። በቢሾፍቱ የሚገኘውና በ1956 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የፈንግልና የጉምቦሮን ጨምሮ የዶሮ ክትባቶችን ያመርታል። በዚያው ከተማ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል (ፓንቫክ) ደግሞ በአህጉሩ ጥቅም ላይ የሚውሉ የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት በገለልተኝነት ይፈትሻል።

ክትባት የሚገዙ፣ የሚያስገቡና የሚያከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶች ክትባቱ ከየትኛው መንጋ እንቁላል ወይም ከየትኛው የሕዋስ መስመር እንደተዘጋጀና ከባዕድ ቫይረስ ነፃ ስለመሆኑ የተደረገውን ፍተሻ የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ከመረከባቸው በፊት መመልከታቸው የቁጥጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።