ዶርሜ

«ዶርም» ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ቃል ነው፤ ሥሩ መተኛትን የሚያመለክት የላቲን ግስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚሁ ቃል «ዶርሜ»ን አወጣ፤ አንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ጓደኛ ማለት ነው። ዶርሜ አይመረጥም። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የዱከም ልጅ ወልዲያ፣ የወልዲያ ልጅ ጅማ ሊደርሰው ይችላል፤ ከማን ጋር እንደሚያድር የሚያውቀው ጊቢ ሲገባ ነው። አልጋ እየተቀያየሩ በብሔር መሰባሰብ ሲመጣ ግን ቃሉ ትርጉሙን ያጣል፤ ዶርሙም የሠፈር ድንበር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ የብሔር ግጭት ተማሪዎች ተገድለው ግጭቱ ወደ ሌሎች ጊቢዎች ሲዛመት፣ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ዘንድሮ ጊቢ የምትገቡ ልጆች፣ የደረሳችሁን አልጋ በብሔር ምክንያት አትቀይሩ።