ግድግዳ ከመቆሙ በፊት
የእንጨት ቤት ልኬት አጭር ታሪክ

ሕንፃ ሲነሣ የተመልካችን ዓይን የሚስበው የቆመው ነገር ነው። የጣሪያው አወጣጥ፣ የመስኮቶቹ አሰላለፍ፣ የማዕዘኑ ቀጥታነት ይደነቃል። ነገር ግን ግድግዳ ከመቆሙ አስቀድሞ ወለል ላይ በመሥመር ብቻ የሚኖርበት ጥቂት ሰዓት አለ። በቀለም ዱቄት የታሸ ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ ይወጠራል፤ ብድግ ተደርጎ ሲለቀቅም የወደፊቱን ግድግዳ ቦታ ወለሉ ላይ አትሞ ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ለዚያ መሥመር ታዛዥ ነው። መሥመሩ ከተሳሳተ የቱንም ያህል ጎበዝ አናጢ ቢመጣ ስሕተቱን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያቃናውም።

በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት የምሞክረው ይህ የልኬት ሥራ በእንጨት ቤት አሠራር፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ፣ እንዴት እንደ ተለወጠ ነው። ዘመናቱ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም ዛሬ በአዲስ አበባ ፎቆች ውስጥ የምንሠራውን ሥራ እንደሚነካ የሙያ ባልደረቦቼ በመጨረሻ ይገነዘባሉ ብዬ አምናለሁ።

እያንዳንዱ እንጨት ለራሱ

በአውሮፓና ከዚያ በተሻገሩት ሰፋሪዎች ዘንድ የቀድሞው የእንጨት ቤት የሚሠራው ከወፋፍራም ግንድ ነበር። ግንዱ በመጥረቢያ ስለሚጠረብ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ውፍረት አልነበረውም። ስለዚህ አናጢው ሁለቱን ግንዶች አነባብሮ፣ በቱንቢ እያስተያየ፣ የአንዱን ቅርጽ በሌላው ላይ ይቀዳ ነበር። መጋጠሚያው የሚስማማው ለእነዚያ ለሁለቱ ብቻ ነው። ተፈትቶ በቦታው እንደገና ሲገጣጠም እንዳይምታታ፣ በመሮ የሮማ ቁጥር የሚመስል ምልክት ይቀረጽበታል፤ ቀጥ ያለ ጭረት ለመሮ ይቀላልና። እነዚህ ምልክቶች በብዙ አሮጌ ቤቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በኒው ኢንግላንድ ሌላ ዘዴ ተስፋፋ። አናጢው በሻካራው ግንድ ውስጥ አንድ አነስ ያለ፣ ፍጹም ቀጥ ያለ እንጨት እንዳለ አድርጎ ያስባል፤ መጋጠሚያውንም እስከዚያ ሐሳባዊ ገጽ ድረስ ይቆርጣል። በዚህም ግንዶችን ማነባበር ቀረ፤ በእስኳድራና በመለኪያ ብቻ እየተሠራ ተመሳሳይ ቁራጭ አንዱ በሌላው ሊተካ ቻለ። ይህ ለመሐንዲስ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአናጢው መመሪያ ከእንጨቱ ቅርጽ ወደ ቁጥር የተሻገረው በዚህ መንገድ ነውና።

ቺካጎና ምስማሩ

በ1833 ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ብቻ የነበሩባት ቺካጎ በ1870 ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይዛ ነበር። ለዚህን ያህል ሕዝብ በወፍራም ግንድና በመሮ ቤት ለማዳረስ ጊዜውም ባለሙያውም አይበቃም። በአንጻሩ መጋዝ ቤቶች አንድ ወጥ ጣውላ ያወጡ ነበር፤ በመኪና የተቆረጠ ምስማርም ረክሶ ነበር። ቀጫጭን ቋሚዎች ተቀራርበው ተደርድረው በምስማር ብቻ የሚያያዙበት፣ «ባሉን ፍሬም» የተባለው አሠራር የተስፋፋው በዚህ ሁኔታ ነው።

ፈጣሪው ማን እንደ ሆነ ብዙ ተከራክረውበታል። ሲግፍሪድ ጊዲዮን በ1941 ባወጣው መጽሐፍ ክብሩን ለጆርጅ ዋሽንግተን ስኖው ሰጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ዎከር ፊልድ የተባለ ጸሐፊ በ1833 የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ለሠራው ለኦገስቲን ቴይለር ተሟገተ። ከዚያ ወዲህ የጻፉ ብዙዎች ግን አሠራሩ የአንድ ሰው ፈጠራ ሳይሆን ቀስ በቀስ የተገኘ ነው ይላሉ። እኔም ወደዚህ አስተያየት አዘነብላለሁ።

የባሉን ፍሬም ቋሚ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቆረጥ ይወጣ ነበር። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ካልተደፈነ ለእሳት እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ያገለግላል። ረጅም ጣውላ ማግኘትም እየከበደ ሄደ። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት ቦታውን ሌላ አሠራር ወሰደ፤ መጀመሪያ የአንዱ ፎቅ ወለል ይሠራል፣ ግድግዳው በወለሉ ላይ ተጋድሞ ይገጣጠምና ቀጥ ተደርጎ ይቆማል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ግድግዳ በየፎቁ የራሱ የታችና የላይ አግዳሚ አለው።

አግዳሚው እንደ ሰነድ

ሁለቱ አግዳሚዎች በአንድ ርዝመት ተቆርጠው በታተመው መሥመር ላይ ጎን ለጎን ይጋደማሉ። አናጢው በእስኳድራ አንድ ጊዜ ሲያሠምር ምልክቱ በሁለቱም ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ቋሚው ከታችም ከላይም በአንድ ቦታ ይገጥማል። ከመሥመሩ በአንዱ ወገን የ«ኤክስ» ምልክት ይደረጋል፤ ቋሚው የሚቆመው በዚያ ወገን ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ሌላው ግድግዳ የሚጋጠምበት ቦታ ሁሉ እዚያው ይጻፋል። አግዳሚው በሙሉ መጠን የተነሣ ፕላን ሆነ ማለት ነው።

የተለመደው የቋሚዎች ርቀት 16 ኢንች፣ ማለትም 406 ሚሊ ሜትር ነው። በልስን የሚይዙት ቀጫጭን እንጨቶች 48 ኢንች ይረዝሙ ነበር፤ በኋላም የኮምፔንሳቶውና የጂፕሰም ሰሌዳው ወርድ 48 ኢንች ሆነ። አሥራ ስድስት የዚህ ሲሦ ነው። ሰሌዳው የሚያልቀው በቋሚው መካከል እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ ቋሚው አንድ ኢንች ተኩል ስለሚወፍርም፣ የመጀመሪያው ምልክት በ16 ሳይሆን በ15 ኢንች ከሩብ ላይ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ 16 እየተጨመረ ይቀጥላል፤ ነገር ግን የሜትሩ ጫፍ ከመነሻው ጥግ ፈጽሞ አይነሣም። እያንዳንዱ ቋሚ ከቀዳሚው ቢለካና በየጊዜው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ከ15 ቋሚዎች በኋላ ስሕተቱ 30 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የቋሚው ግማሽ ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር ነውና የሰሌዳው ጠርዝ የሚያርፍበት ያጣል።

ወደ እኛ ቤት

በጭቃ ቤታችን ቋሚው መሬት ውስጥ ስለሚተከል የታች አግዳሚ የለም። ሆኖም አባቶቻችን ክብ ቤት ሲቀይሱ መካከል ላይ አንድ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው ይዞሩ ነበር። እያንዳንዱ ቋሚ ከመካከሉ ያለው ርቀት የሚለካው ከዚያው ከአንድ ችካል ነው፤ የአንዱ ስሕተት ወደ ጎረቤቱ አይተላለፍም።

ይህን ትምህርት እኔ የተማርሁት ዘግይቼ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በአንድ ፎቅ ውስጥ የጂፕሰም ሰሌዳ ክፍልፋይ አሠራ ነበር። ወለሉና ኮርኒሱ ላይ የሚታሰሩት የብረት ሐዲዶች ከላይ ያነሣኋቸው አግዳሚዎች ናቸው፤ ልዩነቱ እንጨቱ ብረት መሆኑ ብቻ ነው። ቋሚዎቹን በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ እያንዳንዱን ከቀዳሚው እየለካሁ አስመለከትሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ስንደርስ የሰሌዳው ጠርዝ ከቋሚው አልፎ አየር ላይ ቀረ። የሁለት ቀን ሥራ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ኢንጂነር፣ ሜትሩን አያንሡት። ጫፉን እዚህ ይያዙልኝና ሁሉንም ከዚህ ጥግ እንቁጠረው።» ቢሮ ተመልሼ ፕላኔን ስመለከት የጻፍኋቸው ልኮች በሙሉ ከቋሚ እስከ ቋሚ ነበሩ። ስሕተቱ የተጀመረው በእኔ ወረቀት ላይ ነበር።

አሜሪካኖቹ ልኬቱን ወደ ፋብሪካ እስከ መውሰድ ደርሰዋል፤ ሲርስ የተባለው ኩባንያ ከ1908 እስከ 1940 በካታሎግ ቤት ይሸጥ ነበር፤ ከጊዜ በኋላም እንጨቱ ተቆርጦና ቁጥር ተጽፎበት ይላክ ጀመር። ሆኖም የመጀመሪያውን መሥመር ቦታው ላይ የሚያሳርፍ ሰው አስፈላጊነቱ አልቀረም። እኛም ፕላን ስናወጣ ልኮቹን ሁሉ ከአንድ የታወቀ መነሻ ብንሰጥ፣ መሥመር በሚታተምበት ዕለትም ከአናጢው ጋር ወለሉ ላይ ብንገኝ፣ የቆመ ግድግዳ ከማፍረስ እንድናለን። እኔ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያች ዕለት ከቢሮ ውሎ አላውቅም።