የገጠር ክሊኒክና የዱቤ መዝገብ

እኛ የንቲንዳ ቤተሰቦች ልጅ ሲያተኩሰው ብዙ ሳንርቅ ክሊኒክ እናገኛለን። በአገራችን ገጠር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ባላገሩ ማዕረግ አልለየም፤ ድሬሰሩም ቢሆን መርፌ ከያዘ «ሐኪም» ነው።

በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ተዳክሞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ በሩን ለግሉ ዘርፍ ከፈተ፤ በየገበያው ከተማ አነስተኛ ክሊኒክ መታየት ጀመረ።

እኛ ነጋዴዎች እንደምናውቀው ከመክፈት ማቆየት ይከብዳል። ገበሬ ገንዘብ የሚይዘው እህል ሲሸጥ ነው። ወባ ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ይበረታል። ስለዚህ ባለክሊኒኩ በዱቤ ያክማል። ዱቤው ካልተመለሰ ያለቀውን መድኃኒት በምን ይተካ? እኛ ስኳር በዱቤ ብንከለክል ሰው ሻዩን መራራ ይጠጣል እንጂ አይሞትም፤ የእሱ ደንበኛ ግን ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ ሕመምተኛው «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» ባይ ነው፤ መርፌ ደግሞ ከክኒን የተሻለ ያስከፍላል። ሁሉም ባለክሊኒክ ይህን ፈተና አልፏል ለማለት አንደፍርም።

እዚህ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2001 በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ክፍያ ቀረ፤ መድኃኒት ሲያልቅ ግን ሰው ወደ ግሉ ይሄዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ የወባ መድኃኒትም በጤና ኬላ በነፃ ይሰጥ ጀመር። ለገበሬው እፎይታ ሆነ፤ ባለክሊኒኩ ግን ሌላ ገቢ መፈለግ ነበረበት።