ፓይተንን ያጣላች ምልክት

ፓይተን ስንማር መጀመሪያ የሚያጣላን ባዶ ቦታ ነው፤ መስመሩ ወደ ውስጥ ካልገባ ኮዱ እምቢ ይላል። ልማዱ የመጣው ከኤቢሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ ለጀማሪ ተብሎ ከተሠራ ቋንቋ። ኤቢሲ ጀማሪው እንዳይደነግጥ የሙያውን ስያሜ ሳይቀር ቀየረ፤ ፕሮሲጀርን «ሀው ቱ» አለው። አዋቂዎቹ ግራ ተጋቡ። ጀማሪውስ ቢሆን መች ጀማሪ ሆኖ ይቀራል? ፋይል ልክፈት፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ልንካ ሲል በሩ ዝግ ነበር።

ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 የገና ዕረፍት ፓይተንን ሲጀምር ቅለቱን ይዞ በሩን ከፈተው፤ ማንም በሲ ጽፎ የራሱን ሞጁል ሊጨምር ይችላል። በእኔ እምነት ፓይተንን ያነገሠው ከቅለቱ ይልቅ ይሄ ነው።

በተከፈተው በር ግን ጭቅጭቅም ገባ። በ2018 := የምትባል ምልክት ትጨመር አትጨመር ተብሎ ተፋጠጡ። ለአዋቂው አንድ መስመር ትቆጥባለች፤ = እና == ገና ላልተለዩለት ጀማሪ ደግሞ ሦስተኛ ራስ ምታት ናት። ጊዶ ፈቀደ። ወዲያው በጁላይ፣ በጭቅጭቁ ተማርሮ፣ ከመሪነቱ ወረደ። ምልክቷ በ2019 ከፓይተን 3.8 ጋር ወጣች። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚወስነው 5 አባላት ያሉት፣ በምርጫ የሚመጣ ምክር ቤት ነው።