ምሥጢረ ሥላሴ በጋምቤላ ክልል

ምሥጢረ ሥላሴ አንዱ አምላክ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በሚባሉ ሦስት አካላት እንደሚኖር የሚያስተምር የክርስትና መሠረታዊ ትምህርት ነው። በጋምቤላ ክልል ትምህርቱ በአማርኛ፣ በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ይሰበካል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪዎች 70.1 በመቶ ፕሮቴስታንት፣ 16.8 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 3.4 በመቶ ደግሞ ካቶሊክ ነበሩ።

ታሪክ

የሥላሴ ትምህርት በጉባኤ የተደነገገው በኒቅያ (325 እ.ኤ.አ.) እና በቁስጥንጥንያ (381 እ.ኤ.አ.) ነው። የኒቅያ ጉባኤ የተጠራበት ዋና ምክንያት አርዮስ ወልድን «ፍጡር ነው» ማለቱ ነበር። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ (አባ ሰላማ) የተሾሙት የአርዮስ ተቃዋሚ በነበረው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በአትናቴዎስ ነው። የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ እንዲመለሱ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በጋምቤላ ከተማ የሚገኘው የአንግሊካን የነገረ መለኮት ኮሌጅ በእኚሁ ጳጳስ ስም ተሰይሟል።

የአሜሪካ ፕሪስቢቴሪያን ሚስዮናውያን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባሮ ወንዝ ዳር በፖክዎ በአኙዋኮች መካከል ጣቢያ ከፈቱ። ከዚሁ ሚስዮን ሥራ የወጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

የትምህርቱ ይዘት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምሥጢረ ሥላሴ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ነው። ሥላሴ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በመለኮት፣ በባሕርይ፣ በህልውናና በፈቃድ አንድ ናቸው። በግብር ሦስት ሲባል አብ ወላዲና አሥራጺ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ መሆናቸውን ያመለክታል። መምህራን ትምህርቱን በፀሐይ ይመስሉታል፤ ክበቧ፣ ብርሃኗና ሙቀቷ ሦስት ሆነው ፀሐይ ግን አንዲት ናት።

ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችም ሥላሴን ይቀበላሉ። ዋናው ልዩነት ስለ መንፈስ ቅዱስ መሥረጽ ነው፤ የኦርቶዶክስ ትምህርት «ከአብ ሠረጸ» ሲል የምዕራባውያን ልማድ «ከአብና ከወልድ» ይላል።

በኑዌርኛና በአኙዋክኛ

«አካል» እና «ባሕርይ» በግእዝ ለረጅም ዘመን ተብራርተው የተወረሱ ቃላት ናቸው። በኑዌርኛ እግዚአብሔር የሚጠራበት «ኩዎት» የሚለው ቃል ግን «መንፈስ» ማለትም ነው። ይህን ያጠናው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌር ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ በሰማይ ያለው ኩዎት አንድ ሲሆን ቃሉ ለሌሎች መናፍስትም እንደሚያገለግል፣ የአየር መናፍስትም «የኩዎት ልጆች» እንደሚባሉ ገልጿል። በአኙዋክኛም «ጁዎክ» የሚለው ቃል ለፈጣሪም ለመናፍስትም ይውላል።

ስለዚህ «እግዚአብሔር መንፈስ ነው» የሚለው የዮሐንስ ወንጌል (4፥24) ቃል ለኑዌር ሰሚ እንግዳ አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው «የእግዚአብሔር ልጅ» የሚለው አጠራር ነው፤ ሰሚው ወልድን ከአብ በታች ካሉት መናፍስት እንደ አንዱ ሊረዳው ይችላል። በኒቅያ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ወይስ ከእርሱ ያንሳል? መንፈስ ቅዱስም ከሌሎች መናፍስት ተለይቶ እንዲታወቅ ተጨማሪ ማብራሪያ ያስፈልጋል።